4.2 ሚሊዮን የተባለላት ፕራዶ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴን ጋሼን የግቢያቸው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ብርማዋ ፕራዷቸው የቢሾፍቱን ጭቃ እንደለበሰች አጠገባቸው ቆማለች። ደላላ ማልዶ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አይቷት ሄዷል። «ስንት ያላት ይመስልሃል?» አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ ራሳቸው ነገሩኝ። «አራት ነጥብ ሁለት! እኔ እኮ በ2010 ስገዛት አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ነው የከፈልኩት። ቁጭ ብዬ ሁለት ነጥብ ስምንት ሚሊዮን አተረፍኩ ማለት አይደል?»

ጋሼ ጡረታ የወጡ የሕንፃ ተቋራጭ ናቸው፤ አሁን ቢሾፍቱ ላይ ዶሮ ያረባሉ። ሲሚንቶና ብረት ሲገዙ ሳንቲም የማያስቀሩ ሰው ናቸውና አባባላቸው ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ማታ ቡና ላይ ተገናኝተን ወረቀት አወጣን።

መጀመሪያ ያየነው ባንኩን ነው። ያን 1.4 ሚሊዮን ብር ቁጠባ ውስጥ ከተውት ቢሆን ኖሮ፣ በዝቅተኛው የ7 በመቶ ወለድ፣ ወለዱ ወለድ እየወለደ፣ በስምንት ዓመት 2.4 ሚሊዮን ገደማ ይሆን ነበር። ፕራዶዋ ባንኩን በሰፊው አሸንፋለች። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ለሚያስታውስ፣ ሰው ብሩን አውጥቶ ቆርቆሮ ላይ መለጠፉ እብደት አልነበረም። እስከዚህ ጋሼ ልክ ናቸው።

ቀጥሎ ዶላሩ መጣ። በጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ እንዲወርድ ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር። ጋሼ ያኔ የከፈሉት ወደ 52 ሺህ ዶላር ነው ማለት ነው። የዛሬውን 4.2 ሚሊዮን፣ ዶላሩን በ150 ብር ብንይዘው፣ 28 ሺህ ይወጣዋል። ጋሼ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ደግመው አካፈሉት። ያው ነው። «እንዴ! ግማሿ የት ገባ?» አሉ።

ግማሿማ ተነዳ። መኪና እንደማንኛውም ማሽን ያረጃል። የሚገርመው ማርጀቷ ሳይሆን በብር ስትታይ ያላረጀች መምሰሏ ነው። ይህን የሚያስመስለው ደግሞ ቶዮታ አይደለም፤ የእኛው ጉምሩክ በር ነው።

በሩን ጠጋ ብለን እንየው። ሞተሯ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ የቤት መኪና ወደብ ላይ ከነማጓጓዣዋና ከነመድኗ 100 ብር ናት እንበል። 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመር 135 ትሆናለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በዚያ ላይ መቶ በመቶ ይጥላል፤ 270። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ የሚታሰበው ከመቶዋ ላይ ሳይሆን ከ270ው ላይ ነው፤ 310 ተኩል። ሱር ታክሱ ደግሞ የዚህ ሁሉ ድምር 10 በመቶ ነውና 341 ብር ከ55 ሳንቲም ደረስን። ትንንሾቹን ክፍያዎች ትቻቸዋለሁ። ይህ ለአዲስ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለች ከሆነች ኤክሳይዙ 500 በመቶ ይደርሳል፤ በዚያው ስሌት መቶ ብሯ ከሺህ ብር ትሻገራለች። የጋሼ ዓይነት ያገለገለች ፕራዶ ከዱባይ ጭኖ ማምጣት በዚያ አዋጅ አለቀለት።

በሩ ጨርሶ የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። በጥቅምት 2015 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ የማይፈቀድላቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል አውቶሞቢል ነበረበት። በጥር 2016 ትራንስፖርት ሚኒስቴር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ወደ መቶ ተጠጋ፤ ኋላም አልፎት ሄደ። የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ በዚያው ሰሞን ሲነሳ የነዳጅ መኪናው ክልከላ ግን ባለበት ቀረ።

እንግዲህ 4.2 ሚሊዮኑ ውስጥ የመኪናዋ ዋጋ አለ፤ የተዘጋው በር ዋጋም አለ። ይህ ሁለተኛው ዋጋ የጋሼ ላብ አይደለም፤ የሕግ ስጦታ ነው። የሕግ ስጦታ ደግሞ በሕግ ይወሰዳል። በሩ አንድ ቀን ገርበብ ቢል፣ ወይም ገዢው በሌላ በር መግባት ቢለምድ፣ የዋጋው ያ ክፍል ይተናል። ሌላ በር መኖሩን ደግሞ ቦሌ መንገድ ላይ አሥር ደቂቃ ቆሞ ማየት ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው የ15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ሲተው፣ በዚያው የመቶ ብር ስሌት 341 እና 115 ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚውል ሰው አሁንም ፕራዶ የሚፈልግ ከሆነ የሚገዛው ክብሯን ነው ባይ ነኝ። ከጂንካ ወዲያ ወይም ከሰሜን ተራሮች ሥር የሚሠራው ግን የሚሞላበት መስመር እስኪዘረጋለት ከሻሲዋና ከባለሁለት ዲፈረንሻሏ አይላቀቅም። የፕራዶን ዋጋ ለጊዜው ደግፎ የያዘው ይህ ሁለተኛው ገዢ ይመስለኛል።

ጋሼ ግን ሁለቱንም አይደሉም። የሚሠሩት ቢሾፍቱ፣ 45 ኪሎ ሜትር ወዲያ ነው። የእኔ ወረቀት ላይ ያልነበረው ወጪ የመጣውም ከዚሁ መንገድ ነው።

ባለፈው ዓመት የዶሮ መኖ የሚያመላልሱበት ባለሁለት ጎማ ተሳቢ አሠሩ። አይሱዙ በተከራዩ ቁጥር የሚከፍሉት አንገብግቧቸው ነበርና ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። አንድ ብየዳ ቤት የመጎተቻ መንጠቆውን ከሻሲው ጋር በቡሎን በማሰር ፈንታ የኋላውን ፓራውልት በያዘው ብረት ላይ በየደላቸው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም። ጋሼ አሥር ኩንታል መኖ ጫኑበት፤ ከብረቱ ጋር ከ1,200 ኪሎ በላይ ማለት ነው። አምራቹ ለእንዲህ ያለ መኪና የሚፈቅደው ፍሬን ላለው ተሳቢ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ2 ቶን በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ፍሬን ለሌለው ግን 750 ኪሎ ነው። ሁለት ቁጥር ነው፤ ሰው የሚሰማው ትልቁን ብቻ ነው።

ሞተሩም እንደ ወረቀቱ አይደለም። የጋሼ ፕራዶ ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን ናት፤ ፋብሪካው 163 ፈረስ ጉልበት ብሎ ጽፎላታል። ያ የተለካው ባሕር ወለል ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ አዲስ አበባ ላይ በ2,300 ሜትር ከፍታ የሚቀራት 125 አካባቢ ነው። ባለ ቱርቦዋ የናፍጣ እህቷ ይህን ያህል አትጎዳም፤ ተሳቢ አስሮ ጣርማ በር ለሚወጣ ወይም ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ለሚያቀና ሰው ልዩነቱ የጉዞ ሰዓት ብቻ ሳይሆን የነዳጅም ነው። የፕራዶ የነዳጅ ጋን በብዙዎቹ ሞዴሎች 87 ሊትር ይይዛል። በሐምሌ 2014 ሊትሩ ከ48 ብር በታች የነበረው ቤንዚን በ2017 የገና ሰሞን መቶን ሲሻገር፣ በደፍኑ መቶ ብር እንኳ ብናስበው፣ አንድ ሙሌት 8,700 ብር ገባ።

ጋሼ ያን አሥር ኩንታል እንደጫኑ ዱከም መግቢያ ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው የነበረ አይሱዙ ድንገት ቆመ። ፕራዶዋ ፍሬን ያዘች፤ ተሳቢው አልሰማም። ከኋላ ገፍቶ አዞራት፤ የብየዳው መንጠቆ ተገንጥሎ የኋላ በሩን ቀደደው፤ ፊቷ ደግሞ አይሱዙ ሥር ገባ። ሰው አልተጎዳም። መኖው አስፋልት ላይ ፈስሶ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ሠርግ ሆነለት ሲሉ ዛሬ ይስቃሉ፤ ያን ቀን ግን አልሳቁም።

ጋራዡ 360 ሺህ ብር ገመተ። ጋሼ ሙሉ የመድን ዋስትና ስለነበራቸው ብዙም አልደነገጡም። የመድን ድርጅቱ ደብዳቤ ሲመጣ የሚከፈላቸው ወደ 120 ሺህ መሆኑን አነበቡ፤ ከዚያም ላይ የራሳቸው ድርሻ ይቀነሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዓረቦኑ እንዳይበዛባቸው ብለው መኪናዋን በየዓመቱ ሲያድሱላት የኖሩት በተገዛችበት በ1.4 ሚሊዮን ብር ነው። የገበያ ዋጋዋ 4.2 ከሆነ ዋስትና የገቡላት ለሲሶዋ ብቻ ነው፤ ብዙ ውሎች ደግሞ እንዲህ ሲሆን ለከፊል ጉዳትም ቢሆን የሚከፍሉት በዚያው መጠን ነው። ድርጅቱን እየረገሙ ውሉን አሳዩኝ፤ አንቀጹ በደቃቅ ፊደል አለ። ያ ለደላላ በኩራት የሚነገረው ዋጋ መድን ሰጪው ፊት ሲደርስ ለምን እንደሚረሳ አላውቅም። ንረት ባለበት አገር የመድን ዋጋን በየዓመቱ አለማስተካከል በገዛ እጅ ጣሪያን እያነሱ መሄድ ነው። የተሳቢው ነገር ደግሞ በውሉ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም፤ ይህን ማንም አላነሳባቸውም እንጂ ቢነሳ ኖሮ 120ውም አጠራጣሪ ነበር።

ወደ ጌጡ እንምጣ። ጋሼ ፕራዶዋ ላይ ያልሰቀሉት የለም። ፊቷ ላይ ወፍራም የብረት መከላከያ፣ ጣሪያዋ ላይ ከዳር እስከ ዳር ፖርቶመጋላ፣ በጎኗ ወደ ላይ የወጣ የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ ከፋብሪካው 265/65 የሰፋ ጎማ። ቱቦው ወንዝ ለሚሻገር ሰው ጠቃሚ ነው፤ ጋሼ የሚሻገሩት ቃሊቲን ነው። የሰፋው ጎማ ያምራል፤ መሪ ያከብዳል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ የኪሎ ሜትር ንባቡን ያዛባል። ፖርቶመጋላው ላይ ደግሞ አንድ ኩንታል ጤፍ ከወጣ ገደቡ ታልፏል፤ አምራቹ ለጣሪያዋ የሚፈቅደው ከመቶ ኪሎ አይዘልም፤ ከዚያ ላይ የራሱ የብረቱ ክብደት ይቀነሳል። ሰው ግን ዓመት በዓል ሲመጣ ሦስት ኩንታል፣ ሁለት በግና አንድ ፍራሽ ይሰቅልበታል።

ገንዘቡን የመለሰው የቱ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከሁሉ ርካሹን እጠቅሳለሁ፤ ስፖኪዮዎቹና መብራቶቹ ላይ ያስቀረጹት የሰሌዳ ቁጥር። መንገድ ላይ ባደረች ቁጥር ተነቅሎ ከሚሸጥ ዕቃ መግዛት የቀረላቸው በሱ ነው። ቀጥሎ ጥሩ ሞላና አሞርዛተር። ሌላው ሁሉ ደስታ ነው። ደስታ ኃጢአት አይደለም፤ ሒሳብ ላይ ግን በወጪ በኩል ይጻፍ።

ማክሰኞ ደላላው ተመልሶ መጣ። እኔም ወሬ ልሰማ ወጣሁ። ጋሼ የፊት ብረቱንና ፖርቶመጋላውን ፈትተው እንደሚያስቀሩ ነገሩት።

«ይፍቱት አባቴ፤ ግን አራት ነጥብ ሁለት ያልኩት ከነሱ ጋር ነው» አለ።

«እነሱን ቆጥረህ ነው እንዴ የገመትካት?»

«አይ፣ አልቆጠርኳቸውም። ከወለቁ ግን እቀንሳለሁ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ሣቄን ዋጥ አድርጌ፣ ሸጠው በብሩ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ጠየቅኳቸው። ቢሾፍቱ መመላለሱ አልቀረምና ሌላ ፕራዶ አይተዋል፤ ሞዴሏ ትንሽ ከፍ ያለች፣ ናፍጣ። ባለቤቷ ስድስት ተኩል ሚሊዮን ብሏል። እሱም በ2010 ገደማ ነው የገዛት፤ ብዙ እንዳተረፈባት ለጋሼ ነግሯቸዋል።