ስድስት ኪሎ፤ ከዶርሙ እስከ አፍንጮ በር

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ የተመደበ አዲስ ገቢ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ ያጨቀ ሻንጣውን እየጎተተ ዋናውን በር ሲያልፍ የሚገባው ቤተ መንግሥት ግቢ ነው፤ ገነተ ልዑል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያን እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚህ ነው። በአደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት ከዚያ በኋላ ለተጨፈጨፉት የቆመ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የታገቱት ባለሥልጣናትም የተረሸኑት በዚሁ ቤት ነው። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ብዙም ሳይቆዩ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ።

ከሕንፃው አጠገብ ተጠማዝዞ ወጥቶ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ፋሺስት ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለውን ዓመት በእርከን ቆጥረው የሠሩት ሲሆን፣ አናቱ ላይ የተቀመጠው አንበሳ ከድል በኋላ የመጣ ነው። ከዚህ የተሻለ መልስ ማን ያገኛል?

ዶርሙ ግን የራሱ ታሪክ አለው። ዩኒቨርሲቲው ገና ኮሌጅ ሆኖ አራት ኪሎ ሳለ፣ ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች በነፃ የትምህርት ዕድል የመጡ ወጣቶች ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አብረው ያድሩ ጀመር። ስለ ነፃነት ትግል፣ ስለ ፓርቲና ስለ ምርጫ እየሰሙ ያደጉ ነበሩና፣ የማታው ጨዋታ የቀኑን ትምህርት ሳያስንቅ አልቀረም። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዳሪነት ሲቀር ተማሪው በየሰፈሩ ክራይ ቤት ገባ። መበተኑ ያበርደዋል ብሎ ያሰበ ካለ ተሳስቷል፤ የካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» እያለ አደባባይ ወጣ።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ምሽት የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ከግቢው ሳይርቅ፣ አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመቶ ሞተ። በማግስቱ አስከሬኑን ከበው ግቢው ውስጥ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኮሱ።

ዛሬ በተደራራቢ አልጋው መካከል የሚሰማው ወሬ ሌላ ነው፤ ፈተና፣ የሚቀጥለው ምደባ፣ የውኃው መጥፋት። ክፍሉ ከየክልሉ የመጣ ሰው ስለሚያጨቅ ከአንድ አልጋ ኦሮምኛ፣ ከሌላው ትግርኛ ወይም ሲዳምኛ የስልክ ወሬ ይሰማል። የካፌው ወጥ የሰለቸው ደግሞ «ነን ካፌ» ሆኖ የምግቡን ብር በእጁ ይቀበላል፤ ወሩ ሲጋመስ ግን በአካባቢው ምግብ ቤቶች የሽሮ ዋጋ እያነጻጸረ ይዞራል።