531 ወይስ 450? የማጣቀሻ መጻሕፍት ቁጥሮችና የላቦራቶሪ ውጤት

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ተልኮ የተመረመረ የአክታ ናሙና ውጤት፣ ሪፋምፒሲንን የተላመደ የቲቢ ባክቴሪያ መገኘቱን ሲገልጽ የተለወጠውን የዘረመል ስፍራ በቁጥር ሊጠቅስ ይችላል። ውጤቱ በ450ኛው ኮዶን ላይ ሴሪን በሉሲን መተካቱን ያመለክታል እንበል። ባለሙያው ጉዳዩን ለማጣራት የቆየ የባክቴሪያ ዘረመል ማጣቀሻ መጽሐፍ ቢገልጥ ግን ዋነኛው ለውጥ በ531ኛው ኮዶን ላይ እንደሆነ ተጽፎ ያገኛል። ከሁለቱ አንዱ የተሳሳተ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ለውጥ ነው።

ሪፋምፒሲን ባክቴሪያው የዘረመል መልእክቱን ወደ አር ኤን ኤ የሚገለብጥበትን ኤንዛይም በመያዝ ሥራውን ያስቆማል። መድኃኒቱ የሚያርፍበትን የኤንዛይሙን ክፍል የሚያስገኘው ጂን አርፒኦቢ ይባላል። ይህ ጂን አስቀድሞ በሚገባ የተጠናው በኢ. ኮላይ ነበር። በመሆኑም በ1993 እ.ኤ.አ. በቲቢ ባክቴሪያ ላይ ተመሳሳይ ለውጦች ሲገኙ ስፍራቸው የተሰየመው በኢ. ኮላይ ቁጥር ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል በ1998 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ የባክቴሪያው የራሱ ቁጥር ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሚውቴሽን ዝርዝርም የሚጠቀመው በዚሁ ነው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በዚህ የጂኑ ክፍል 81 ነው፤ ስለዚህ 531 የነበረው 450፣ 526 የነበረው 445፣ 516 የነበረው ደግሞ 435 ይሆናል። ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት የመላመድ ለውጦች የሚገኙበትና ጂን ኤክስፐርት የሚያነበው የጂኑ ክፍልም 27 ኮዶኖች፣ ማለትም 81 ኑክሊዮታይዶች አሉት። ይህ አጋጣሚ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን 81ዎች ማምታታት አይገባም።

ችግሩ በቁጥር ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ቀላል ነበር። በ430ኛው፣ በ445ኛውና በ452ኛው ኮዶኖች ላይ የሚታዩ አንዳንድ ለውጦች በቀድሞ ጽሑፎች «አጠራጣሪ» ተብለው ታልፈዋል። ምክንያቱም እነዚህን የተሸከመ ባክቴሪያ በፈሳሽ ካልቸር በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮ ግራም ሪፋምፒሲን ሲፈተን ብዙ ጊዜ ለመድኃኒቱ የሚበገር መስሎ ይታያል። ጂን ኤክስፐርት «ተላምዷል» ሲል ካልቸሩ «አልተላመደም» ይላል። ካልቸርን የመጨረሻ ዳኛ የሚያደርግ የቆየ መጽሐፍ የሚከተል ባለሙያ ታማሚውን ወደ መደበኛው ሕክምና ሊመልሰው ይችላል፤ ሕክምናውም ሊከሽፍ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የመለያ መጠኑን በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 0.5 ዝቅ ያደረገው ስለዚህ ነው። በቆየው መጽሐፍ 452ን የሚፈልግ ሰውም አያገኘውም፤ እዚያ የተመዘገበው 533 ተብሎ ነውና። በተቃራኒው በ491ኛው ኮዶን ላይ ያለው ለውጥ፣ በቀድሞው ቁጥር 572፣ ከተጠቀሰው ክፍል ውጪ ስለሆነ ጂን ኤክስፐርት አያየውም። ይህ ለውጥ በኢስዋቲኒ በስፋት ታይቷል። በሕክምና ላይ እያለ የሚዳከም ታማሚ «አልተላመደም» የሚል ውጤት ስላለው ብቻ ጉዳዩ ሊዘጋ አይገባም። በአክታው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እጅግ አነስተኛ ሲሆን ደግሞ «ተላምዷል» የሚለውም ውጤት ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል በአዲስ ናሙና መድገም ያስፈልጋል።

በቫይረስ ሳይንስ መጻሕፍትም ተመሳሳይ ነገር አለ። የኤች አይ ቪ ኮዶኖች የሚቆጠሩት የንዑስ ዓይነት ቢ በሆነ ማመሳከሪያ ቫይረስ ነው፤ በኢትዮጵያ የሚበዛው ግን ንዑስ ዓይነት ሲ ነው። ቁጥሩ ያው ቢሆንም የለውጡ ዕድል ይለያያል። በሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ 106ኛ ኮዶን ላይ ቫሊን ወደ ሜቲዮኒን እንዲለወጥ በንዑስ ዓይነት ሲ አንድ ፊደል (ከጂቲጂ ወደ ኤቲጂ) መቀየሩ ይበቃል፤ በቢ ግን ጂቲኤ ስለሆነ ሁለት ፊደላት መለወጥ አለባቸው። ኤፋቪሬንዝን የሚያከሽፈው ይህ ለውጥ በንዑስ ዓይነት ቢ ላይ በተመሠረቱ ሰንጠረዦች ብርቅ መስሎ መታየቱም ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ ኤንዛይሙ አሠራር የተጻፈው ምዕራፍ ዛሬም ይጠቅማል፤ በኅዳጉ ላይ አዲሱን ቁጥር በእርሳስ መጻፍ ይበቃል። የሕክምናው ምዕራፍ ግን ከሁሉ ፈጥኖ ያረጃል። የካናማይሲንን መርፌ የሚያዝ እትም በመደርደሪያ ላይ ቢገኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን በ2019 እ.ኤ.አ. ከሕክምና መመሪያው አስወጥቶታል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለብዙዎቹ ታማሚዎች በአፍ ብቻ የሚወሰድ የ6 ወር ሕክምናን መክሯል።