ከሲም ካርድ ጋር መነጋገር

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ገብሱን ጭኖ ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚሄድ ገበሬ በኪሱ ኮምፒዩተር ይዟል ብንል የሚስቅብን አይጠፋም። ይሁንና በእጅ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሲም ካርድ የራሷ ማስሊያና ማኅደረ ትውስታ ያላት እውነተኛ ኮምፒዩተር ናት። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የስልክ ቁጥሩ ለብዙዎች የገንዘብ ቦርሳ ጭምር ሆኗል። ስለዚህ «ካርዱ ተበላሽቷል» የሚለው ፍርድ በችኮላ የሚሰጥ አይደለም። ካርዱን ከኮምፒዩተር ጋር ለሚያገናኝ ማንበቢያ ድራይቨር የሚጽፍ ተማሪ በቅድሚያ ሊጠረጥር የሚገባው የራሱን ፕሮግራም ነው እንላለን።

ምክንያቱን እንመልከት። ካርዱና ማንበቢያው መረጃ የሚለዋወጡት በአንድ መስመር ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት አለበት። ኃይልና የሰዓት ምት ተሰጥቶት ዳግም ማስነሻው ሲለቀቅ ቀድሞ የሚናገረው ካርዱ ነው፤ ይህም ከ400 እስከ 40,000 ምት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል። አንዱ ቢት መጀመሪያ ላይ 372 ምት ይፈጃል። ምቱ በሴኮንድ 3,571,200 ከሆነ ፍጥነቱ በሴኮንድ 9,600 ቢት ይሆናል ማለት ነው። (ይህ እንግዳ የሚመስል ቁጥር የተመረጠው ለዚሁ ነው።)

የካርዱ የመጀመሪያ ባይት የአነጋገር ልማዱን ይገልጻል። በአሥራ ስድስት ቤት አጻጻፍ «3ቢ» ከሆነ ዝቅተኛው ቢት ይቀድማል፤ «3ኤፍ» ከሆነ ከፍተኛው ይቀድማል፣ የአንድና የዜሮ ምልክትም ይገለበጣል። ይህን ያላወቀ ድራይቨር «3ኤፍ»ን «03» ብሎ ያነበዋል፤ የማረጋገጫ ቢቱም ስህተት ያሳያል። ካርዱ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው!

ከዚህ የከፋው ትዕግሥት ማጣት ነው። በሲም ካርዶች ዘንድ በተለመደው «ቲ ዜሮ» በተሰኘው ደንብ፣ ካርዱ ሌላ ነገር ካላስታወቀ በስተቀር በሁለት ባይቶች መካከል 9,600 የቢት ጊዜ ሊዘገይ ይችላል፤ ከላይ ባነሣነው ፍጥነት አንድ ሙሉ ሴኮንድ ነው። ምስጢራዊ ስሌት የያዘ ካርድ ይህም ካልበቃው «60» የሚል ባይት ይልካል። ትርጉሙም «ቆዩኝ፣ እየሠራሁ ነው» ነው፤ ቆጠራውም እንደ አዲስ ይጀመራል። ከአንድ ሴኮንድ በታች ቆጥሮ ኃይሉን የሚያቋርጥ ወይም «60»ን እንደ መልስ የሚወስድ ድራይቨር ካርዱን በሥራ ላይ እያለ ይገድለዋል። ሥራው በትክክል ሲያልቅ «90» እና «00» የተባሉት ሁለት ባይቶች ይደርሳሉ፤ ድራይቨሩም ቀጣዩን ትእዛዝ መላክ የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው።