የበሽሎን ውሃ ለጣና የሚሰጡ ሰዎች

ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደ ወይን የሚወስደው መንገድ ከደጋው ተነስቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና አባይ ላይ ይደርሳል። ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ መንገደኛ ሁለት ነገር ማለቱ አይቀርም፤ «ይሄ ሁሉ ውሃ ከጣና የሚመጣ ነው?» እና «ፈረንጆች በዚህ ላይ በጎማ ጀልባ ይወርዳሉ አሉ»። ሁለተኛው እውነት ነው። የመጀመሪያው ግን ስህተት ነው፤ ጀልባ ለሚቀዝፍ ሰው ደግሞ ውድ ስህተት።

አባይ ሱዳን ድንበር ላይ ሲለካ ከዓመታዊ ውሃው የጣና ድርሻ አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ሐይቅ ነውና የክረምቱን ዝናብ ተቀብሎ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ከባሕር ዳር የሚወጣው ውሃ ከፍ የሚለው ታች ያለው ሙላት መጉደል በሚጀምርበት ሰሞን፣ በመስከረም ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ዛሬ በሰው እጅ ነው። ሐይቁ አፍ ላይ የጨረጨራ የውሃ መዝጊያዎች አሉ፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ይለቀዋል። እና በነሐሴ ድልድዩ ሥር የሚያገሳው የማን ነው? በብዛት የገባሮቹ ነው። ከ13 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚያፋስሰው በሽሎ ከድልድዩ በላይ ተቀላቅሎታል፤ ወለቃና ጀማ ደግሞ ከታች ይጠብቁታል። በዚህ ገደል ለመቅዘፍ አስቦ ባሕር ዳር ደውሎ «ውሃው እንዴት ነው?» የሚል ሰው የደወለው የተሳሳተ ቦታ ነው። መጠየቅ ያለበት ደላንታን፣ መቅደላን፣ ሳይንትን ነው።

«ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል» የሚለውም የሚያታልል ነው። ቆላው ውስጥ ፀሐይ ድንጋዩን እያጋለ፣ ለጋምቦ ላይ፣ ወደ 4,000 ሜትር በሚጠጋው በአምባ ፈሪት ዙሪያ ዝናቡ ሊወርድ ይችላል። ተዳፋቱ ውሃ አይዝም። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ የዘነበው ከመሸ በኋላ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ ታች ሊደርስ ይችላል። ደቡብ ወሎ ደግሞ በልግ ያለበት አገር ነው፤ «ገና በጋ ነው» ብሎ በመጋቢት ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ድንኳን የተከለ ሰው ደራሽ ሊያገኘው ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ድንጋይ አኑሮ ሻይ እስኪፈላ መጠበቅ ነው፤ ድንጋዩ ከተዋጠ ወንዙ እየሞላ ነው። ጠርቶ የነበረው ውሃ ቡና መስሎ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ከሥርም ድንጋይ ለድንጋይ ሲጋጭ ከተሰማ፣ ጀልባውን ጎትቶ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ነው። እዚያ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

በብዛት የሚሰማው ግን «ክረምት ገዳይ ነው፣ በጋ ደህና ነው» የሚለው ነው። ግማሽ እውነት ስላለበት ለማስተባበል ያስቸግራል። ከህዳሴ ግድብ በፊት በነበረው ልኬት አባይ ድንበሩ ላይ በነሐሴ በአማካይ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር ኩብ በላይ ያወርድ ነበር፤ በሚያዝያ ከ200 በታች ይወርዳል። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ወንዞች ናቸው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ የመጣው የካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የእንግሊዝ ጦር ቡድን የወረደው በክረምቱ ሙላት ነበር። አሜሪካዊያኑ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ፣ ሙላቱ ካለፈ በኋላ ተነስተው በ114 ቀን ሜድትራኒያን ባሕር ደረሱ። ሁለቱም አልፈዋል፤ የገጠማቸው ችግር ግን ለየቅል ነው።

ሰፋ ባለው ቦታ ወንዙ ሲሞላ ድንጋዩ ከሥር ይቀራል፤ በጋ ላይ ጀልባ የሚቧጥጠው ቦታ በክረምት ተንሸራትተው የሚያልፉት ይሆናል። በጠባቡ ላይ ግን ውሃው ወደ ጎን መሄጃ ስለሌለው ወደ ላይ ያድጋል። አባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ማየት ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠግኖ ሰው ይሻገርበት የነበረውን ክፍል በ2005 ጎርፍ ደርሶ ወሰደው። ስለዚህ «ዛሬ ውሃው ይህን ያህል ሜትር ኩብ ነው» የሚል አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። በዚያ ላይ እየሞላ ያለ ወንዝና እየጎደለ ያለ ወንዝ መለኪያው ዘንግ ላይ አንድ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ፤ እየሞላ ያለው ግን ከዳር የነቀለውን ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው። የበጋው አደጋ ደግሞ ድምፁ ትንሽ ነው። ውሃው በትልልቅ ድንጋዮች መካከል ይሾልካል፤ ውሃው የሾለከበት ሰው አይሾልክም። «ጉልበት እንኳ አይደርስም» ብሎ በፈጣን ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ ድንጋይ ሥር ከተሰነቀረ ወራጁ ገፍቶ በፊቱ ይደፋዋል። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። ከጀልባ የወደቀ ሰው መቆም የለበትም፤ በጀርባው ተንጋልሎ፣ እግሩን ወደ ታች ወደሚወርድበት አቅጣጫ አስቀድሞ መንሳፈፍ አለበት። እኔ ብጠየቅ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ፤ ውሃው አለ፣ ግን እየጎደለ ነው።

«የሚፈራው አባይ ነው፣ ገባሩ ምን አለው» የሚሉም አሉ። የ1968ቱ ቡድን አንድ ባልደረባውን በመስጠም ያጣው ከአባይ ጋር ሲታገል አይደለም፤ የሞላ ገባር ሲሻገር ነው። በእኛ አገር ሰው ሊሻገር ሲል ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርለታል፤ ጫፉን ዳር ያሉት ይይዛሉ። ለአሳሪዎቹ ልብ ያሳርፋል እንጂ ለተሻጋሪው አደገኛ ነው፤ ሲወድቅ ገመዱ ይወጠርና ወራጁ ሰውየውን ወደ ታች ይደፍቀዋል። ሠለጠኑ የሚባሉት የወንዝ አዳኞች ገመድ ሰውነታቸው ላይ የሚያደርጉት በአንድ ጊዜ ተስቦ የሚፈታ ማሰሪያ ያለው ጃኬት ሲለብሱ ብቻ ነው። ገመዱን ለተሻጋሪው መወርወርና በእጁ እንዲይዘው ማድረግ ይሻላል፤ ካስፈለገው መልቀቅ ይችላል።

ስለ አዙሪቱም ጋኔን ነው የሚል አለ። ከድንጋይ ላይ ተወርውሮ የሚወድቅ ውሃ ከሥሩ ጉድጓድ ይሠራል፤ ላይ ላዩን ያለው ውሃ ደግሞ ጉድጓዱን ለመሙላት ወደ ኋላ ይመለሳል። የተያዘው ጀልባም ሆነ ግንድ እየተገለበጠ እዚያው ይዞራል። አረፋው ግማሹ አየር ስለሆነ ዋናተኛን አይሸከምም፤ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም።

የቅርቡ ወሬ ደግሞ «ከህዳሴ ግድብ ወዲህ አባይ ተኝቷል፣ አሁን ሐይቅ ነው» የሚለው ነው። የግድቡ ውሃ ሙሉ ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይቆማል። ከመካነ ሰላም በታች ያለው የአባይ ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃው ወደዚያ ሽቅብ አይወጣም። በሐምሌ ድልድዩ ሥር የሚያልፈው ጎርፍ እንደ ድሮው ያልፋል።