አጥንት በማረጥ ዕድሜ

አጥንት አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ሳይለወጥ የሚቆይ ደረቅ ነገር ሳይሆን፣ ዕድሜ ልክ የሚፈርስና የሚታደስ ሕያው አካል ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ተቆርጦና ተቀጥቅጦ ለአዲስ ዕቃ እንደሚውል፣ በአጥንት ውስጥም አንደኛው የሴል ወገን ያረጀውን ሲያፈርስ ሌላኛው በስፍራው አዲስ ይሠራል። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ያመዝናል፤ ከዚያ በኋላ በሴቶች ዘንድ ሚዛኑን በዋናነት የሚጠብቀው ከእንቁላል ዕጢ የሚመነጨውና አፍራሾቹን ሴሎች የሚገታው ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ነው።

ሴት ስታርጥ፣ ማለትም የወር አበባዋ ዓመት ሙሉ ሳይመለስ ሲቀር፣ ይህ ሆርሞን እጅግ ስለሚቀንስ ማፍረሱ ግንባታውን ይቀድማል፤ አሜሪካዊው ሐኪም ፉለር ኦልብራይትም ማረጥና የአጥንት መሳሳት መያያዛቸውን በ1941 እ.ኤ.አ. ገልጾ ነበር። ከማረጥ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት አንዳንድ ሴቶች እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን አጥንታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው በአከርካሪና በእጅ አንጓ ሲሆን፣ የአከርካሪ አጥንት ብዙ ጊዜ ያለ ከባድ ሕመም ስለሚሰበር የሚከተለው መጉበጥና የቁመት ማጠር «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፉ የሚያሳዝን ልማድ ነው።

በመርካቶዎቹ የገበያ ስፍራዎች በበርበሬ በረንዳ ወይም በእህል በረንዳ ለምትሠራ ሴት ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ቆሞ መሥራት፣ መራመድና ሸክም አጥንትን ያጠነክራሉ፤ አጥንቱ ከሳሳ በኋላ ግን ጎንበስ ብሎ ጆንያ ማንሳት ብቻውን አከርካሪን ሊሰብር ይችላል። ጤፍ በካልሲየም ከብዙ እህሎች ይበልጣል፤ ካልሲየሙን የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ውህድም ሊጡ ሲቦካ ይቀንሳል። በጾም ወራት ወተት በሚቀርበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ቆዳ በፀሐይ ይሠራዋል፣ ነገር ግን ፀሐይ በማይጠፋባት አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ በጣሪያ ሥር ተሸፋፍኖ መዋል ጥቅሙን ያሳጣል።

የአጥንት ጥግግት የሚለካው አነስተኛ ራጅ በሚጠቀም መሣሪያ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ውጤቱ ከጤናማ ወጣት ሴቶች አማካይ በ2.5 መደበኛ ልይይት (የስታቲስቲክስ መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ የአጥንት መሳሳት ይባላል። መሣሪያው ባይገኝም፣ ከራስ ቁመት ከማይበልጥ ከፍታ ወድቆ አከርካሪ ወይም ዳሌ መሰበር ለሐኪም በቂ ምልክት ነው። ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አሌንድሮኔት ከምግብ ጋር በሚገባ ስለማይመጠጥና ጉሮሮንም ሊያቆስል ስለሚችል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቡናም ሆነ ምግብ ሳይቀመስ፣ ጋደምም ሳይባል ይቆያል።