የቴሌቪዥን ማእድ ቤትና የተመልካቹ ፍርድ

ነጋዴ ገበያውን የሚያውቀው ከገዢው አፍ ነው። የገዢው አፍ ግን በዛሬው ጊዜ የሚሰማው በሱቅ መስኮት ላይ ብቻ አይደለም፤ በየቤቱም በቴሌቪዥን ፊት ይሰማል። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በሰቃና በየቡ፥ በዕረፍት ቀን ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ቡና በሚፈላበት ሰዓት የምግብ አሠራር የሚያሳይ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲቀርብ፥ ስለ ምግቡም ስለ አቅራቢዎቹም ብዙ ይባላል። የሚባለውም ነገር ለአስመጪው፥ ለላኪውና ለባለ ሱቁ የሚጠቅም ቁም ነገር ስላለበት፥ ከዚህ ቀጥሎ በዝርዝር እንመለከተዋለን።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን ተመልካቹ የነበረው ምርጫ አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር። የግል ጣቢያዎች በሳተላይት አማካይነት መሠራጨት ከጀመሩ ወዲህ ግን የምግብ ዝግጅት የራሱን ስፍራ አግኝቷል። በኢ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን የቀረበው የጆርዳና ኩሽና ከነዚህ አንዱ ሲሆን፥ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ በፖል ቦኩስ የምግብ ትምህርት ቤት የሠለጠነው ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስም በቴሌቪዥን ከመታወቁ ሌላ፥ በ2018 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ምግብ ለውጭው ዓለም የሚያስረዳ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትሟል።

ተመልካቹ በመጀመሪያ የሚፈርደው በአቅራቢው ጠባይ ላይ ነው። ንጹሕ ሆኖ፥ አነጋገሩን አለዝቦ፥ ምግቡን እንደ ቤተኛ የሚያቀርብ ሰው ይወደዳል። እንግዳ ጋብዞ ጨዋታ የሚያበዛው ግን ይነቀፋል፤ «ወሬው በስሎ ሽንኩርቱ ጥሬ ቀረ» ይባልበታል። ከሁሉ ይልቅ በዕድሜ የገፉት እናቶች የማይታገሡት ጊዜን መዝለል ነው። ለዶሮ ወጥ የሚሆን ሽንኩርት በቀስታ እየተማሰለ ብዙ ሰዓት እንደሚፈጅ እያወቁ፥ በቴሌቪዥኑ ላይ በአንድ ዐይን ጥቅሻ ቀልቶ ሲወጣ ባዩ ጊዜ፥ «ይህ ለልጆቻችን ሐሰት ማስተማር ነው» ይላሉ።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ልክ ነው። ባለሞያዋ እናት በዐይኗና በእጇ ስለምትለካ፥ ግራምና የሾርባ ማንኪያ ሲጠራ ትስቃለች። ለትምህርት ወይም ለሥራ ከቤተ ሰቡ የራቀው ወጣት ግን፥ ወንድም ቢሆን ሴት፥ ልኩን ካልነገሩት ወጥ ሊሠራ አይችልም። ይህ ክርክር ለባለ ሱቁ ታላቅ ምልክት ነው። በሂርማታ ገበያ ቅመም በስኒ መሸጡ ለእናትየዋ በቂ ሲሆን፥ ልጅየዋ የምትፈልገው ግን የተመዘነ፥ የታሸገና ምን ያህል ወጥ እንደሚያወጣ በላዩ የተጻፈበት ቅመም ነው። ሁለቱም ገዢዎች ስለሆኑ፥ አንደኛዪቱን ለማግኘት ሁለተኛዪቱን መተው አያስፈልግም።

ሦስተኛው አስተያየት የሚያነጣጥረው በዕቃው ላይ ነው። ኦቨን፥ ክሬም፥ የውጭ አገር አይብና በብልቃጥ የታሸገ መረቅ የሚያስፈልገው ምግብ ሲታይ ብዙ ተመልካች «ይህ ለአዲስ አበባ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። በአንጻሩም «ይህ ከሌላችሁ በዚህ ተኩት፤ ኦቨን ባይኖራችሁ በከሰል ምድጃ ይሆናል» የሚል አቅራቢ ከልብ ይመሰገናል። በጾም ጊዜ የጾም ምግብን፥ በረመዳን የማፍጠሪያን ምግብ ያልዘነጋ አቅራቢም እንዲሁ ነው፤ በጅማ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ሰፈር ስለሚኖሩ፥ ሁለቱም ጾሞች በባለ ሱቁ የሒሳብ መዝገብ ላይ በግልጽ ይታያሉ።

የአቅራቢ ቃል በገበያ ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የእንግሊዝ አገር ታሪክ ይመሰክራል። በ1998 እ.ኤ.አ. ዴሊያ ስሚዝ የተባሉት የታወቁ የምግብ አስተማሪ በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን አንዲት ትንሽ የዕንቁላል መጥበሻ አመሰገኑ። መጥበሻዪቱን የሚሠራው አነስተኛ ፋብሪካ በዓመት 200 ያህል ብቻ ይሸጥ የነበረ ሲሆን፥ በአራት ወር ውስጥ 90,000 ያህል እንደ ሸጠ በጊዜው ተዘግቧል። ይህ የሆነው ተመልካቹ ሴትዮዋን ስላመናቸው ነው። ስለዚህ አስመጪ አንድ ዕቃ በቴሌቪዥን ስለ ታየ ብቻ በብዛት ሊያዝዝ አይገባውም፤ አስቀድሞ ያሳየው ሰው የሚታመን መሆኑን፥ ዕቃውም በአካባቢው ቤቶች የሚገባ መሆኑን መጠየቅ አለበት። ያለዚያ ክሬሙ በመደርደሪያ ላይ ቀኑ አልፎበት ይጣላል፤ ኪሣራውም የባለ ሱቁ ብቻ ይሆናል።

ስለ እምነት ከተነሣ፥ የተመልካቹ ምሬት የሚበረታበት አራተኛው ነገር የተሸሸገ ማስታወቂያ ነው። አቅራቢው አንዱን ዘይት ወይም አንዱን ዱቄት ደጋግሞ ሲያነሣ፥ ተመልካቹ «ተከፍሎት ነው ወይስ ወዶት?» ብሎ ይጠይቃል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። ነጋዴው ይህን እንደ ሸክም ሊቆጥረው አይገባም። ወጪውን ችሎ ዝግጅቱን ያቀረበ ድርጅት ስሙ በግልጽ ሲነገር ተመልካቹ አይቀየምም፤ የሚቀየመው እንደ ተታለለ ሲሰማው ነው። የተቀየመ ተመልካች ደግሞ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን አቅራቢውንም አብሮ ይተዋል።

አምስተኛውና ለዚህ አገር ሰዎች እጅግ የሚቀርበው አስተያየት፥ «የእኛስ ምግብ የት አለ?» የሚለው ነው። በጅማና በከፋ ጫካ የሚበቅለው ኮረሪማ በየወጡና በየቅቤው ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን አቅራቢው «ኮረሪማ ጨምሩ» ከማለት በቀር የመጣበትን አገር አያነሣም። የጫካ ማሩም ዕጣ ይኸው ነው። ቡናን በቅቤ አብስሎ የሚዘጋጀውና በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ በክብር የሚቀርበው ቡና ቀላ በቴሌቪዥን ማእድ ቤት በሰፊው ቢታይ፥ ቡና የሚጠጣ ብቻ ሳይሆን የሚበላም መሆኑን ብዙ ሰው ባወቀ ነበር። ተመልካቾች የምግቡ ስም በአማርኛ ሲጠራ በኦሮምኛም እንዲጠራ የሚመኙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ቡናውም ራሱ ብዙ ጊዜ የሚታየው በዝግጅቱ መጨረሻ፥ ለስንብት ያህል፥ እንደ ጌጥ ነው። ሲኒው ይታያል፤ ጭሱ ይታያል፤ ቡናው የሊሙ ይሁን የጅማ፥ የታጠበ ይሁን በፀሐይ የደረቀ፥ የሚናገር የለም። ስም ግን ገንዘብ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. መንግሥታችን ከአሜሪካው ስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስለ ቡና የንግድ ምልክት ሲስማማ፥ ስምምነቱ የሐረርን፥ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ስም የሚመለከት ነበር፤ ጅማና ሊሙ ከሦስቱ ውስጥ አልነበሩም። በውጭ ገበያ ስም የሚገነባው በአገር ውስጥ ሲከበር ነውና፥ በገዛ ቤታችን ሳንጠራው የቀረውን ስም ባዕድ እንዲጠራልን መጠበቅ አይገባም።

እንግዲህ ከተመልካቹ ፍርድ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ባለ ሱቁ ቅመሙን መዝኖ፥ የመጣበትን ወረዳ ስም ጽፎ ያቅርብ። አስመጪው ለአካባቢው ምድጃና ለአካባቢው ኪስ የሚስማማውን ዕቃ ይምረጥ። ላኪው ለቴሌቪዥን ዝግጅት ወጪ የሚችል ከሆነ፥ ስሙን ሳይሸሽግ ይክፈል፤ በምላሹም ቡናው ከነትውልድ ስፍራው እንዲጠራ ይጠይቅ። አቅራቢዎቹም በበኩላቸው ወደ ጅማ፥ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ወርደው፥ ከባለሞያዎቹ እናቶች ጎን ቆመው ቢያበስሉ፥ ተመልካቹ አሁን በነቀፋ የሚያነሣውን በምስጋና ያነሣዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደ ተባለ፥ የኮረሪማውና የቡናው ስም ከበዓል ጭስ ጋር አብሮ እንዳይበተን መጠበቅ ከሁሉ አስቀድሞ የነጋዴው ሥራ ነው።