የሞተር ኃይልና የሶዶ ዳገት

ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚያቀኑ የጭነት መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ በወላይታ ሶዶ በኩል ያልፋሉ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ሶዶ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አላት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳያነሳ አይቀርም፦ የመኪናው የፈረስ ጉልበት ይህን ያህል ከሆነ፣ ይህን ያህል ጭነት እስከ የት ያደርሳል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ መልስ ከመስጠታችን በፊት ሦስት ጽንሰ ሐሳቦችን መለየት ያስፈልጋል። በክፍል ውስጥ ፎርስ፣ ኢነርጂና ፓወር እየተባሉ የሚጠሩት መጠኖች በዕለት ተዕለት አማርኛችን «ኃይል» እና «ጉልበት» በሚሉት ቃላት ተደባልቀው ይነገራሉ። በዚህ ጽሑፍ «ጉልበት» የምንለው አንድን ዕቃ የሚገፋውን ወይም የሚስበውን ነው፤ መለኪያውም ኒውተን ነው። «ሥራ» ማለት ጉልበት በርቀት ሲባዛ የሚገኘው ሲሆን በጁል ይለካል። «ኃይል» ደግሞ ሥራው የሚከናወንበት ፍጥነት ነው፤ በአንድ ሰከንድ አንድ ጁል ሥራ ከተሠራ ኃይሉ አንድ ዋት ይባላል። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሮቹን ከፈረሶች ጋር ለማነጻጸር የተጠቀመበት «የፈረስ ጉልበት»ም ስሙ ጉልበት ቢሆንም የሚለካው ኃይልን ነው፤ መጠኑ 746 ዋት ገደማ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ዳሞታን እንውጣ። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 800 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ የስበትን ኃይል ለማሸነፍ 470 ሺህ ጁል ያህል ሥራ ይሠራል። ጡንቻው ለዚህ ተግባር ያለማቋረጥ 75 ዋት ቢያበረክት፣ ጉዞው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ያው ሰው 30 ኪሎ ግራም ቢሸከም የሚወስድበት ጊዜ ወደ 2 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ከፍ ይላል። ኃይሉ አልተለወጠም፤ የሚደርስበት ቦታም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጊዜው ነው።

ከዚህ የሚገኘው ቀመር የሚከተለው ነው፦ ርቀት ማለት ኃይል በጊዜ ተባዝቶ፣ እንቅስቃሴውን ለሚቋቋመው ጉልበት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። እንግዲህ ኃይል ብቻውን ርቀትን አይነግረንም። 80 ኩንታል የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ከፍ ለማድረግ 55 ሚሊዮን ጁል ያህል ያስፈልጋል። ተስማሚ የማርሽ ቅንብር የተገጠመለትና ፍትጊያ የሌለበት የ100 ዋት ሞተር እንኳ ይህን ሥራ ሊፈጽም ይችላል፤ ነገር ግን ሌትና ቀን ሠርቶ ከስድስት ቀን በላይ ይፈጅበታል። ማርሽ ጉልበትን ያበዛል፤ ኃይልን ግን አይፈጥርም።

ታዲያ ርቀቱን የሚወስነው ምንድን ነው? በታንከሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ገደማ ኢነርጂ ይዟል። ሞተሩ ከዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል ብንል 12 ሚሊዮን ጁል እናገኛለን። አሁን የ80 ኩንታሉን መኪና ከአርባ ምንጭ እስከ ሶዶ እንከተለው። ከፍታውን ለመውጣት 55 ሚሊዮን ጁል ይፈልጋል። የጎማው መቋቋም የክብደቱ አንድ መቶኛ ነው ብንል በ120 ኪሎ ሜትር ላይ 94 ሚሊዮን ጁል ይወስዳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ አየሩን ለመሰንጠቅ ደግሞ 70 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይጨመራል። ድምሩ 219 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 18 ሊትር ያህል ናፍጣ ነው። የመኪናው ጠቅላላ ክብደት 120 ኩንታል ቢሆን በተመሳሳይ ስሌት 24 ሊትር ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ያለው ውጣ ውረድ፣ መቆምና መነሣት ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ግምታችን ግን ከእውነታው ብዙ አይርቅም።

የሞተሩ ኃይል ሚናውን የሚያሳየው በዳገት ላይ ባለው ፍጥነት ነው። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚነሣ ዳገት እናስብ። ጎማው ላይ 70 ኪሎዋት የሚደርስ ከሆነ የ80 ኩንታሉ መኪና በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል፤ የ120 ኩንታሉ ግን 30 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በሞተር ላይ የሚጻፈው የኃይል መጠን የሚለካው ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ የአየር ሁኔታ ነው። በሶዶ ከፍታ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ተርቦ ያልተገጠመለት ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ኃይሉም በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል። ስለሆነም 70 ኪሎዋቱ 56 ይሆንና የ120 ኩንታሉ መኪና በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ብቻ ይጓዛል። ለወፍጮም ሆነ ለውኃ መሳቢያ ሞተር የሚገዛ ሰው ይህን ቅናሽ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ከሁሉ በላይ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋው የመልሱ ጉዞ ነው። ወደ ላይ ለመውጣት የተከፈለው ኢነርጂ በቁልቁለቱ ይመለሳል፤ መሄጃም ይፈልጋል። ያው የ80 ኩንታል መኪና ቀደም ብለን ያሰብነውን ዓይነት ቁልቁለት ለ5 ኪሎ ሜትር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ፣ የጎማውና የአየሩ መቋቋም ከወሰዱት የሚተርፈው 19 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ 60 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ፣ ውኃ በሶዶ ከፍታ እስከሚፈላበት 93 ዲግሪ ያደርሳል። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ከተማመነ ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ላይ ያርፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው በግማሽ ስለሚያጥር ፍሬኑ በየሰከንዱ የሚቀበለው ሙቀት ከ32 ወደ 56 ኪሎዋት ያሻቅባል። ከልክ በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ አቅሙን ያጣል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ቁልቁለት ከመጀመራቸው በፊት ወደ ከባድ ማርሽ የሚቀይሩት ሞተሩ የኢነርጂውን ከፊል እንዲወስድላቸው ነው። ትርፍ ጭነት በዳገት የሚያስከፍለው ናፍጣ ነው፤ በቁልቁለት ግን ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል።

ማንኛውም ተማሪ ይህን የመሰለ ግምት በእርሳስና በወረቀት ሊሠራ ይችላል። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ጭነቱን የሚቋቋመውን ጉልበት ማስላት፤ ቀጥሎ በርቀቱ አባዝቶ ሥራውን ማግኘት፤ ርቀቱን ለማወቅ ካለው ነዳጅ ጋር፣ ጊዜውን ለማወቅ ከሞተሩ ኃይል ጋር ማነጻጸር፤ በመጨረሻም ብክነትንና ከፍታን መቀነስ። በሶዶ ጎዳናዎች የሚመላለሰው ባጃጅም ሆነ ከቢላቴ ወንዝ ውኃ የሚስብ ፓምፕ ለዚሁ ሕግ ተገዥ ናቸው። የሞተሩን የፈረስ ጉልበት የሚነግረን ሻጭ ሲገጥመን፣ «በምን ያህል ጊዜ? በየትኛው ዳገት? በየትኛው ከፍታ?» ብለን እንጠይቀው።